ያገለገለ ቶዮታ ቪትዝ ምዘና

ቶዮታ ቪትዝ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረበው ባለ ሦስት ወይም ባለ አምስት በር ትንሽ የቤት መኪና ነው። የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ስለሚከፈት ሀችባክ ከሚባለው የመኪና ዓይነት ይመደባል። በአውሮፓ ገበያ ያሪስ በሚል ስም ተሸጧል፤ በኢትዮጵያ ግን ሁለቱም በተለምዶ ቪትዝ ይባላሉ። ይህ ጽሑፍ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተመረተውን የመጀመሪያውን ትውልድ ይመለከታል፤ ያገለገለ ቪትዝ ከመገዛቱ በፊት እንዴት እንደሚመዘንም ያብራራል።

ከእነዚህ መኪኖች የመጨረሻዎቹ እንኳ 20 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ መኪና በሞዴል ዓመቱና በኪሎሜትር ቆጣሪው ብቻ ሊመዘን አይችልም። በአንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቪትዞች ዛሬ እጅግ የተለያዩ መኪኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የተሠሩበት ገበያ፣ መሪያቸው ተቀይሮ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የደረሰባቸው ግጭት፣ ዘይታቸውና የራዲያተር ውኃቸው የተያዘበት ሁኔታ ናቸው።

ስያሜና ታሪክ

ቪትዝ የሚለው ስም ብልሃትንና ቀልድን ከሚያመለክት የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው። ያሪስ ደግሞ በግሪክ አፈ ታሪክ የውበትና የጸጋ አማልክት ከነበሩት ከካሪቶች ስም ተወስዷል። የመኪናውን ቅርጽ የነደፈው በቶዮታ የአውሮፓ የንድፍ ማዕከል ይሠራ የነበረው ግሪካዊ ሶቲሪስ ኮቮስ ነው። መኪናው የ1999–2000 የጃፓን የዓመቱ መኪና እና የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመርጧል። መጀመሪያ በጃፓን ብቻ ይመረት ነበር፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ለአውሮፓ ገበያ በሰሜን ፈረንሳይ በቫለንሲየን ከተማ በተከፈተው የቶዮታ ፋብሪካም ተመርቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ትውልድ ተተካ። ቪትዝ የሚለው ስም በጃፓን እስከ 2020 ቆይቶ በያሪስ ተተክቷል።

በኢትዮጵያ ገበያ

ቪትዝ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት የሞተሩ መጠን ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መሠረት እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ 100 በመቶ ይከፈልበት ነበር። የቪትዝ ሁለት ዋና ዋና የቤንዚን ሞተሮች 998 ሲሲ እና 1,298 ሲሲ በመሆናቸው ከዝቅተኛው እርከን ውስጥ ይወድቃሉ። የ1.5 ሊትር ቤንዚንና 1,364 ሲሲ የሆነው ናፍጣ ግን ወሰኑን ያልፋሉ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር የሚጨምር ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን የሚሸጡት ቪትዞች አስቀድመው የገቡና ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ናቸው። በሌሎች አገሮች መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢው ቢሳሳትም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በኢትዮጵያ ግን የቪትዝ የብር ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሲጨምር ቆይቷል፤ ለብዙ ቤተሰብም ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ ነው። የግምገማው ስሕተት የዓመታት ቁጠባ ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌሎች መኪኖች የሚለዩት ነገሮች

የቪትዝ የፍጥነት ማሳያ ከመሪው ፊት ሳይሆን በዳሽቦርዱ መካከል ይገኛል። በብዙዎቹ ሞዴሎች በመርፌ ፋንታ በሚያበሩ ቁጥሮች ይሠራል፤ ምስሉ በመስታወት ተንጸባርቆ ስለሚታይ ከትክክለኛ ቦታው ርቆ የተቀመጠ ይመስላል። ዓላማው የአሽከርካሪው ዓይን ከመንገዱ ወደ ማሳያው ሲዞር ትኩረቱን ብዙ መቀየር እንዳያስፈልገው ነው። ማሳያው መካከል ላይ መሆኑ ለቀኝና ለግራ መሪ አንድ ዓይነት ዳሽቦርድ ለመሥራትም አመቺ ነው።

ይህ ማሳያ በዕድሜ ብዛት ሊደበዝዝ፣ ብልጭ ድርግም ሊል ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ብየዳው ይታደሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ መኪና በወጣ ማሳያ ይተካል። የተጓዘው ኪሎሜትር የሚመዘገበው እዚያው ውስጥ ስለሆነ ማሳያው በተቀየረ ጊዜ የሚነበበው ቁጥር የሌላ መኪና ታሪክ ይሆናል። ቁጥሩን በመሣሪያ መቀነስም ይቻላል። በመሆኑም ዝቅተኛ ኪሎሜትር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከፔዳሎቹ ጎማ፣ ከመሪው ቆዳ፣ ከአሽከርካሪው ወንበርና ከማርሽ እጀታው ማለቅ ጋር መነጻጸር አለበት። 80,000 ኪሎሜትር የሚያሳይ መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ አንዱ ውሸት ነው፤ ፔዳሉ ደግሞ አይዋሽም።

ሁለተኛው ልዩ ነገር የሞተር ሙቀት መርፌ አለመኖሩ ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ አሽከርካሪው የሚያውቀው በማስጠንቀቂያ መብራት ነው። መርፌ ቀስ በቀስ ሲወጣ ይታያል፤ መብራት ግን የሚበራው ሙቀቱ አደገኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ባለቤቱ ሳያውቀው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከመጠን በላይ የሞቀ ሞተር ማግኘት ስለሚቻል የማቀዝቀዣው ምርመራ በዚህ መኪና ላይ የተለየ ክብደት አለው።

ሦስተኛው ተንሸራታች የኋላ ወንበር ነው። ይህ ባላቸው ሞዴሎች ወንበሩ 15 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ የዕቃ ቦታውም ከ205 እስከ 305 ሊትር ይለዋወጣል። ሐዲዱ መንሸራተቱና በየቦታው አጥብቆ መያዙ መፈተሽ አለበት። የማይቆለፍ ወንበር በግጭት ጊዜ ከነተሳፋሪው ወደ ፊት ይወረወራል።

የመጣበት ገበያና የመሪ ቦታ

ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ መሪው በቀኝ፣ ለአህጉራዊ አውሮፓ የተሠራው ያሪስ ደግሞ በግራ ነው። በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ስለሆነ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች በገበያው ይገኛሉ። ይህን መለየት ከማናቸውም ምርመራ ይቀድማል።

የመጀመሪያው ምልክት የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው አጭር የአካል ቁጥር ይይዛል፤ ባለ 1.0 ሊትሩ ለምሳሌ «ኤስሲፒ10» በሚል ኮድ ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ ተራ ቁጥር ይከተለዋል። ለውጭ ገበያ የተሠራው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር አለው። በፈረንሳይ የተሠራው «ቪኤንኬ»፣ በጃፓን ተሠርቶ ወደ ውጭ የተላከው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ጄቲዲ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጀምራል። አጭር ቁጥር ያለው መኪና መሪው በግራ ከሆነ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ተቀይሯል ማለት ነው።

የመሪ መዛወር የመሪውን ዘንግ፣ ፔዳሎቹን፣ የፍሬኑን ማበልጸጊያና በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ያለውን ብረት ይነካል። ሥራው የሚታየው ኮፈኑ ተከፍቶ በዚሁ ብረት ላይ የተቆረጠና የተበየደ ቦታ ሲኖር፣ በቀኝ በኩል አሮጌው ቀዳዳ በላሜራ ሲደፈን፣ የገመዶች ጥቅል ሲቀጠል፣ ዳሽቦርዱም በጠርዙ ሳይገጥም ሲቀር ነው። የአውሮፓው ያሪስ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩሮ ኤንካፕ የግጭት ሙከራ አራት ኮከብ አግኝቷል። ይህ ውጤት ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ላለ አካል የተሰጠ ነው፤ ተቆርጦ ለተበየደ መኪና ዋስትና ሊሆን አይችልም።

የፊት መብራቶቹም መታየት አለባቸው። ለግራ መንገድ የተሠራ ዝቅተኛ መብራት ብርሃኑን በግራ በኩል ከፍ ያደርጋል። በኢትዮጵያ መንገድ ይህ በቀጥታ ከፊት የሚመጣን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት በማቆም የብርሃኑ ቅርጽ በየትኛው በኩል ከፍ እንደሚል በቀላሉ ይታያል።

አካልና ዝገት

በበሮች፣ በኮፈንና በፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ፣ የቀለሙ ጥላ በቀን ብርሃን ከተለያየ፣ ወይም ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ አልይዝ ካለ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ትንሽ ጭረት የተሸፈነበት ስቱኮ የመልክ ጉዳይ ነው። ዋናው ጥያቄ ግጭቱ እስከ ተሸካሚው ብረት ደርሶ እንደሆነ ነው። ለዚህም ከኋላ ምንጣፉና ትርፍ ጎማው ተነሥተው የዕቃ መጫኛው ወለል መጨማደዱ፣ ከፊት ደግሞ ራዲያተሩን የያዘው ብረት መቃናቱና መበየዱ ይታያል።

ዝገትም ከመኪናው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ስለዚህ ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ ያሪስ ከላይ አምሮ ከሥር ሊዝግ ይችላል። ከመኪናው ሥር ሆኖ የፍሬን ቱቦዎችን፣ የኋላውን አክስልና በበሮቹ ሥር የሚሄዱትን የጎን ብረቶች ማየት ያስፈልጋል። ላዩ ላይ ብቻ ያለ ቀይ ዝገት ተፍቆ ሊቀባ ይችላል፤ በጠመዝማዛ ሲነካ የሚፈርስ ብረት ግን ጥንካሬውን አጥቷል።

ሞተር

በሁሉም የዚህ ትውልድ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቀበቶ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት በየጊዜው እንደ ቀበቶ አይቀየርም፤ ዕድሜው ግን በዘይቱ ንጽሕና ላይ የተመሠረተ ነው። ዘይት ሳይቀየር የቆየበት ሞተር ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጠዋት ሲነሣም ይንኳኳል። ስለዚህ ሞተሩ መሰማት ያለበት ቀዝቅዞ ባደረበት ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ምርመራውን ለሌላ ጠዋት ማዛወር ተገቢ ነው።

የጭሱ ቀለም ብዙ ይናገራል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት በፒስተን ቀለበቶች በኩል እያለፈ መሆኑን ያመለክታል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ከቫልቭ ማኅተሞች ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከመጀመሪያው ይቀላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ከሞተሩ መደበኛ ሙቀት እምብዛም አይበልጥም። ፈሳሹ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ ክዳን ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያስከትለው የቴስታታ መጣመምና የጓርኒሲዮን መቃጠል ግን ትልቅ ወጪ ነው። ምርመራው የሚጀመረው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን በመክፈት ነው፤ በሞቀ ሞተር ላይ መክፈት ያቃጥላል። ፈሳሹ የዝገት ቀለም ከያዘ ተራ ውኃ ሲጨመርበት ቆይቷል። ዘይት ከተንሳፈፈበት፣ ወይም ሞተሩ ተነሥቶ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ ያጠራጥራል።

ከፍታው በጉልበትም ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የ1.0 ሊትሩ ሞተር በአውሮፓ መግለጫ 68 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በአዲስ አበባ 54 ገደማ ይሆናል። አምስት ሰው የጫነ ቪትዝ ዳገት ላይ ቢደክም የግድ ታሟል ማለት አይደለም። የሲሊንደር ግፊት ሲለካም የሚገኘው ቁጥር በመጽሐፍ ከተጻፈው ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሚታየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ችግሩ የከፍታ ሳይሆን የሞተሩ ነው።

በሌላ በኩል አስፈሪ የሚመስሉ ቀላል ጉድለቶች አሉ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ዙሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ የአየር ማስገቢያው መቆሸሽ ነው፤ በማጽዳት ይስተካከላል። መንቀጥቀጥም ከካንዴላ ወይም ከመለኮሻ ኮይል ሊመጣ ይችላል።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። የኤርባግ መብራትም እንዲሁ በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ጨርሶ የማይበራ መብራት በሽታን ለመደበቅ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። በኮምፒዩተር ሲመረመር ምንም ስሕተት አለመገኘቱም በቂ አይደለም፤ መኪናው የራሱን ፍተሻ ገና እንዳልጨረሰ ካሳየ ስሕተቱ በቅርቡ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን

አብዛኞቹ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ወይም ባለ አራት ፍጥነት አውቶማቲክ ካምቢዮ አላቸው። ማንዋሉ ሲፈተሽ መኪናው በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄደ ነዳጅ በድንገት ይሰጠዋል። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት የኩሽኔታ ነው። በአውቶማቲኩ ላይ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ረጅም መዘግየት ወይም ጠንካራ ግፊት መኖር የለበትም፤ የካምቢዮው ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ጥገናው ውድ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ያሪሶች ፍሪትሮኒክ የተባለ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነገር ግን የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው አሠራር አላቸው። ፍሪሲዮኑን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል።

የሙከራ ጉዞ

የሙከራ ጉዞ አስፋልት ብቻ ሳይሆን ዳገት፣ ቁልቁለትና ኮብልስቶን ያካተተ ቢሆን ይመረጣል። ሬዲዮው ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከፈታል። በኮብልስቶን ላይ ከፊት የሚሰማ ደረቅ ኳኳታ ብዙ ጊዜ ከመሪ እግሮች ጫፍ፣ ከጎማዎቻቸው ወይም ካለቀ አሞርዛተር ነው። ከፍጥነት ጋር የሚጨምርና ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ የሚለወጥ ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። መሪው ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ሲሄድ የሚሰማ ተከታታይ ቀጭታ ደግሞ ከፊት ጎማ ጋር ከተያያዘው ዘንግ ይመጣል። በባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ጎን መሳብ የለበትም። እነዚህ አብዛኞቹ መለዋወጫቸው በቀላሉ የሚገኝ ስለሆኑ ዋጋ የሚያስቀንሱ እንጂ ግዢ የሚያስቀሩ አይደሉም።

ሰነዶች

በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር አኃዝ በአኃዝ ይመሳከራሉ። በቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ፣ የሞረድ ፍቅፋቂ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ግዢው መቆም አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ሳለ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወር ያስቸግራል። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መፍቀዱና አለመሻሩ፣ መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እገዳ አለመያዙ ይጣራል። የዓመታዊ ምርመራው ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን መኖራቸውም ይታያል፤ ቦሎ ግን መኪናው በተመረመረበት ቀን ለመንገድ መብቃቱን እንጂ የሞተሩን ቀሪ ዕድሜ አይናገርም።

ዋጋን ማመዛዘን

ከምርመራው በኋላ ጉድለቶቹ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራና የተንኳኳ የመሪ እግር ያሉ በትንሽ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው። ሁለተኛዎቹ እንደ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያሉ ሲሆኑ ሊጠገኑ ቢችሉም ሙሉ ወጪያቸው በመኪናው ዋጋ ላይ ተደምሮ መታየት አለበት። ሦስተኛዎቹ በገንዘብ የማይመለሱ ናቸው፦ የተቆረጠ ተሸካሚ ብረት፣ በዝገት የተበላ ወለል፣ በጥራት ያልተሠራ የመሪ ቅያሪና የተነካካ የሻንሲ ቁጥር።

ለምሳሌ ሁለት ቪትዞች በእኩል ዋጋ ቀረቡ ይባል። አንደኛው ቀለሙ አዲስ፣ ኪሎሜትሩ ዝቅተኛ፣ ወንበሩ በአዲስ ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ነገር ግን አጭር የጃፓን ቁጥር ይዞ መሪው በግራ ነው፣ ከሞተሩ በስተጀርባም ሻካራ ብየዳ ይታያል። ሁለተኛው ቀለሙ በፀሐይ የደበዘዘ፣ ከ200,000 ኪሎሜትር በላይ የሄደና ከፊት የሚንኳኳ ነው፤ አካሉ ግን እንደ ተመረተ ነው፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛው ሞተርም ያለ ጭስና ያለ ኳኳታ ይነሣል። የሁለተኛው ጉድለት በሙሉ ከመጀመሪያው ወገን ስለሆነ በጋራዥ ጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል። የአንደኛው ግን ከሦስተኛው ወገን ነው፤ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያበራ ቤተሰቡን የሚሸከመውን ብረት አይመልሰውም።